ካሴቶቹ በምን ይቀመጡ?

ጥሩወርቅ ሙዚቃ ቤቷን ለሞባይል ነጋዴ አከራይታ ወደ ቤቷ ስትገባ ይዛ የወጣችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አሮጌውን ቴፕ እና አንድ ሺህ አንድ መቶ ያህል ካሴት። መደርደሪያውን፣ መስታወቱን፣ ከበሩ በላይ ተሰቅለው መንገደኛውን ሲያስጨፍሩ የኖሩትን ትልልቅ ስፒከሮች ሳይቀር ለተከራዩ ተወችለት። ካሴቶቹን ግን በአሥራ ዘጠኝ ካርቶን አሽጋ፣ በሦስት ባጃጅ አስጭና፣ ታቦር ተራራ ሥር ካለው ቤቷ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አስገባቻቸው።

«ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም» አለቻት ልጇን ሜሮንን።

ሙዚቃ ቤቱን ከሟቹ ባሏ ከአሥራት ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታበታለች። ያኔ ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ የደገሰም፣ ሞያሌ ድረስ የሚነዳ የጭነት መኪና ሾፌርም፣ ፍቅረኛውን የተቀየመ ተማሪም እነሱ ጋ ሳይመጣ አይቀርም ነበር። ከፊት ለፊት ይሸጣሉ። ከጀርባ ደግሞ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበደ፣ የኋላ ክፍል የሚሉት ጠባብ ክፍል ነበራቸው። አሥራት እዚያ ውስጥ የአካባቢውን ሰው ይቀዳል፤ የሠርግ ዘፋኞችን፣ ክራር መቺዎችን፣ አንዴም ከወንዶ ገነት ዋሽንቱን በብብቱ ሸጉጦ በእግሩ የመጣን አንድ ሽማግሌ። ከካሴቶቹ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራቱ የዚያች ክፍል ልጆች ናቸው። ታትመው አልወጡም፤ ሌላ ቦታ ቅጂ የላቸውም።

ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና አንደኛው ካርቶን ራሰ። ጥሩወርቅ ካሴቶቹን አንድ በአንድ በነጠላ ጫፍ እያደረቀች፣ ፀሐይ ሳይሆን ጥላ ላይ በትሪ አሰጣቻቸው። አሥራ ሁለቱ ነጭ ሻጋታ ይዘው ነበር። ሜሮን ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ እየከነፈች መጣችና ትሪውን አይታ ወገቧን ያዘች። ሜሮን የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር ሲንዛዛ አትወድም።

«እማዬ፣ ይሄ ዘንድሮ ኮምፒውተር ውስጥ ካልገባ ለከርሞ የሚገባ ነገር አይኖርም።»

«ግቡ በያቸው እንግዲህ» አለች ጥሩወርቅ።

ሜሮን በሚቀጥለው ቅዳሜ ላፕቶፕና አንድ ቀጭን ገመድ ይዛ መጥታ፣ የሱቁ ቴፕ አልዞር ስላለ ከጎረቤት ትንሽ ቴፕ ተውሳ ሦስት ካሴት ቀዳች። ሽሽሽ የሚለውን የካሴት ድምፅ በፕሮግራም አጠበችው፤ ፋይሉንም በቴሌግራም እንዲላክ በጣም ትንሽ አድርጋ ቆጠበችው። ከዚያ ስልኳን ለእናቷ ሰጠቻት። ጥሩወርቅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ግማሽ ዘፈን ያህል አዳመጠች።

«ይሄ ሰውዬ ጉንፋን ይዞታል?»

«ምን?»

«ጽናጽሉም ውኃ ውስጥ የወደቀ ማንኪያ ነው የሚመስለው። ልጄ፣ አጥበሽ አጥበሽ ቀለሙን አስለቀቅሽው።»

ሜሮን ተናደደች። ግን እናቷ በሙዚቃ ነገር አንድ ቃል ከተናገረች ወደ ኋላ እንደማትል ስለምታውቅ፣ «እንግዲያውስ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ» ብላ ገመዱን ጠቀለለች።

የሚያውቅ ሰው ጠሀ ነበር። ከወሎ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ አሁን የዩኒቨርሲቲው የድምፅ ስቱዲዮ ቴክኒሻን የሆነ፣ አርባ ዓመት የሞላው ዝምተኛ ሰው ነው። ተማሪ ሳለ ካሴት የሚገዛበት አልነበረውምና ከሱቁ በራፍ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ጥሩወርቅ በርጩማ ታወጣለት እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳም። ደውላ ስትነግረው ነገ እመጣለሁ አላት፤ መጣም።

መጀመሪያ የሱቁን ቴፕ ፈታ። ጠጋኞች ቺንጋ የሚሉት የላስቲክ ቀበቶ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ሆኗል። ጥቁሩን ዝቃጭ በአልኮል ጠርጎ፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣው አዲስ ቺንጋ ተካው፤ ሪባኑን የሚያነበውን ሄድም አጽድቶ ዘጋው። ቴፑ ሲዞር ጥሩወርቅ እጇን አጨበጨበች።

ከዚያ በኋላ ነው ክርክሩ የመጣው። ሜሮንም ነበረች፤ ሦስቱም በምግብ ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«በምን ዓይነት ፋይል እናስቀምጠው?» አለ ጠሀ።

«ኤምፒስሪ» አለች ሜሮን ወዲያው። «ምን ጥያቄ አለው? የትም ይጫወታል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ለሰው ለመላክ ይመቻል።»

«ለመላክስ ልክ ነሽ። ለማስቀመጥ ግን እኔ ፍላክ ነው የምለው። ድምፁን አጥፎ ያስቀምጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ስትከፍቺው ሙሉው ይመለሳል። ኤምፒስሪ ግን ሰው አይሰማውም ያለውን ቆርጦ ይጥላል። የተጣለው ደግሞ አይመለስም።»

«ስንት ነው ልዩነቱ?»

«የአንድ ሰዓት ካሴት በፍላክ አራት መቶ ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። አንቺ በቆጠብሽበት ከሠላሳም አይበልጥም።»

«እየው! ሰው የማይሰማውን ነገር ለማስቀመጥ ከአሥር እጥፍ በላይ ቦታ?»

ጥሩወርቅ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች ስታዳምጥ ቆየችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እኔ ባለቤቷ እያለሁ እናንተ ምን ያጨቃጭቃችኋል? አሰሙኝና እኔ ልፍረድ።»

ጠሀ አንዱን ካሴት በሙሉ ጥራት ቀዳው። ከዚያ ከሱ ላይ ሦስት ፋይል አወጣ፤ አንዱ ፍላክ፣ አንዱ ትልቅ ኤምፒስሪ፣ አንዱ እንደ ሜሮን ያለ ትንሽ ኤምፒስሪ። ጥሩወርቅ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ጠሀ ቅደም ተከተሉን እያቀያየረ ዘጠኝ ጊዜ አጫወተላት፤ ሜሮን ወረቀት ላይ ትመዘግባለች።

ትንሹን ሦስቱንም ጊዜ ያዘችው። «ይሄ ያ ጉንፋናሙ ነው» ትላለች ገና ዘፋኙ አፉን ሲከፍት። ትልቁን ኤምፒስሪ ከፍላክ ለመለየት ግን አልቻለችም። ሁለቴ ትክክል፣ ሁለቴ ስህተት፣ ሁለቴ ደግሞ «እንጃ» አለች። ሜሮን ወረቀቷን ከፍ አድርጋ አውለበለበች።

«በቃ! ትልቁ ኤምፒስሪ ይበቃል ማለት ነው። ዳኛዋ ራሷ ፈረደች።»

ጥሩወርቅ ወንበሯን መለሰችና ጠሀን አየችው። ደስ አላላትም። ግን ውሸት አትችልበትም። «እውነቷን ነው። አልለየሁትም። አንተ ትለየዋለህ?»

«እኔም አልለየውም» አለ ጠሀ ፈገግ ብሎ። «ለዛሬ ጆሮ አይደለም እትዬ። እንበልና ነገ አንዱን ዘፈን ማስተካከል፣ መቁረጥ ወይም ድምፁን ማሳደግ ፈለጉ። ኤምፒስሪውን ከፍተው አስተካክለው እንደገና ሲቆጥቡት እንደገና ይቆርጣል። ከዚያ ሌላው ሰው ከእርስዎ ወስዶ ደግሞ ይቆርጣል። እየዋለ እያደረ…»

«ቆይ» አለች ጥሩወርቅ። «ቆይ፣ ቆይ። ከቅጂ ላይ መቅዳት ነው የምትለኝ?»

«እሱን ነው።»

«ታዲያ እንደዚህ አትለኝም ከመጀመሪያው!»

ይሄን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አሥራት ማስተር የሚለውን ካሴት ቁልፍ ባለው ሳጥን ያስቀምጥ ነበር። ለሽያጭ የሚቀዳው ሁሉ ከማስተሩ ይቀዳል፤ ማስተሩ ግን ከሱቅ አይወጣም፣ ለዘመድም አይዋስም። አንድ ጊዜ ጥሩወርቅ ራሷ ሰው ተሰልፎ ሲያጣድፋት ከተሸጠው ቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ ቀድታ ሰጠች። ያ ሰውዬ ለጓደኛው ቀዳ፤ ጓደኛው ለእህቱ። ከጥቂት ወር በኋላ እህትየዋ ዘፋኙ ምን እንደሚል አይሰማም ብላ ካሴቱን ይዛ ሱቁ ድረስ መጥታ ጮኸች። አሥራት ሦስት ቀን አኮረፋት።

«ሜሮንዬ» አለች «ማስተሩ ፍላክ ይሁን። ለሰው የምንሰጠው ያንቺው ይሁን፤ ትልቁ። ማስተሩን በሁለት ዲስክ እናደርገዋለን፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ አንቺ ቤት። ሽሽሽ የሚለውንም ማንም እንዳያጥብብኝ። በገበያ ታትሞ የወጣው የባለቤቱ ነው፤ ለራሴ ጆሮ ይቀመጥ። በኋላ ክፍላችን የተቀዳውን ግን ለየዘፋኙ እመልሳለሁ።»

ሜሮን በጣቷ ጠረጴዛው ላይ አሰላችና ዲስኩ እንደሚበቃ አረጋገጠች። «ይሁን እንግዲህ» አለች። «ለዲስኮቹ መያዣ ቅርጫት የምትሰፊላቸው ግን ራስሽ ነሽ።»

ሥራው ተጀመረ። ጠሀ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ጥሩወርቅ ራሷ ትሠራለች። ካሴት ማስገባት፣ ቀዩን ነጥብ መጫን፣ የድምፁ መስመር ቀይ እንዳይነካ መጠበቅ፣ አንዱ ገጽ ሲያልቅ መገልበጥ። ሌላው ሁሉ የሷ የድሮ ሥራ ነው። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት ሁለት ካሴት እያለች፣ ጎመን እየቀነጠሰች ወይም ሹራብ እየሠራች ታዳምጣለች። የረሳቻቸው ሰዎች ከካሴቱ እየወጡ አጠገቧ የሚቀመጡ ይመስላታል። እንዲያ ደስ ብሏት ያሳለፈችው ክረምት ትዝ አይላትም። ሦስት ካሴቶች ግን አንድ ጊዜ እንደተጫወቱ ሪባናቸው ተላጦ ዱቄት ሆነ፤ የቀራቸው ፋይሉ ብቻ ነው። ከኋላ ክፍሉ ሁለት መቶ አሥራ አራት ካሴቶች የመጨረሻው ሲያልቅ ጥሩወርቅ ለሜሮንና ለጠሀ ዓሣ ጠበሰች።

በመጀመሪያ ለባለቤቱ ለመመለስ የመረጠችው የብዙነሽን ካሴት ነበር። ብዙነሽ የቡሹሎ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሱቁ ድረስ መጥታ «እኔም ልዘፍን» ብላ አሥራትን አስቃው፣ አፏን ስትከፍት ግን ሳቁን ያስዋጠችው ልጅ ነበረች። ስምንት ዘፈን ቀዱ። አሥራት ካሴቱን አዲስ አበባ ላለ አሳታሚ ላከው፤ መልስ አልመጣም። ብዙነሽ አገባች፣ ወለደች፣ መሬቷን አረሰች። ከጥሩወርቅ ጋር ገበያ ላይ ሲገናኙ ይሳሳማሉ፤ ስለ ካሴቱ ግን አንዳቸውም አያነሱም።

ቅዳሜ ጠዋት ጥሩወርቅና ጠሀ በባጃጅ ወደ ቡሹሎ ሄዱ። ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አላስችል አላትና ዘፈኖቹን ከያዙት ሁለት ፍላሾች አንዱን ለሹፌሩ ሰጠችው። ሹፌሩ ሰክቶ ሁለት ሦስቴ ነካካው።

«ባዶ ነው እናቴ።»

«እንዴት ባዶ ይሆናል!»

ጠሀ ከኋላ ሳቀ። «ያ ማስተሩ ነው፤ የባጃጅ ማጫወቻ ፍላክ አያውቅም። ይሄኛውን ስጪው» ብሎ የኤምፒስሪውን ፍላሽ አቀበላት፤ ወዲያው ግን «ይስጡት ማለቴ ነው» ብሎ አፈረ። የብዙነሽ ድምፅ ባጃጁን ሞላው። ሹፌሩ «ማናት እቺ? አሪፍ ናት!» አለ። ጥሩወርቅ በኩራት ነጠላዋን አስተካከለች።

ብዙነሽን ያገኟት ከአቮካዶ ዛፏ ሥር በርበሬ ስትለቅም ነው። ስሞሽ፣ ጥያቄ፣ በርጩማ፣ ውኃ። ከዚያ ጥሩወርቅ የመጣችበትን ነገረቻት። ብዙነሽ ቤት ገባችና ፍላሽ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ ይዛ ወጣች። ጠሀ ሰካው። ክራሩ ጀመረ፣ ከበሮው ተከተለ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ዘፈነች።

ጥሩወርቅ የጓደኛዋን ፊት እያየች እንባ ትጠብቅ ነበር። እንባ አልመጣም። ብዙነሽ ግንባሯን ቋጠረች። ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አስጠጋች። በቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ የሆነ ነገር አጉረመረመችና ቀና አለች።

«ይቺ ልጅ ማናት?»

«አንቺ ነሽ እንጂ! ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ዘፈኑ የኔ ነው፤ ክራሩም የወንድሜ ነው። ልጅቷ ግን እኔ አይደለሁም። እኔ እንዲህ ቀጥኜ አላውቅም።»

«ብዙዬ፣ ልጅ ነበርሽ እኮ። የሰው ድምፅ በዕድሜ ይወፍራል።»

«ይወፍር። ክራርም በዕድሜ ይወፍራል? ስሚው እስኪ፣ ክራሩም እንደ ጫጩት ነው የሚጮኸው።» ብዙነሽ ብድግ አለች። «ደግሞስ ይሄ ሙሽራ የሚሸኝበት ዘፈን ነው። ሙሽራ ሲሸኝ እንዲህ ነው የሚሄደው» አለችና በርበሬ የነካ እጇን እያጨበጨበች፣ እግሯን ቀስ ብላ እያነሳች፣ ከዛፉ እስከ በሩ ሄደች። «እናንተ ያመጣችኋት ሙሽራ ግን ዝናብ የመጣባት ነው የሚመስለው። ወዴት ነው የምትሮጠው?»

ጠሀ ሬዲዮውን አጠፋ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ፍጥነቱ ነው» አለ ለራሱ። «ቴፑ ፈጥኗል።»

ጥሩወርቅ በሐሳቧ ቆጠረች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ካሴት። ክረምቱን ሙሉ በዚህ ጆሮዋ አዳምጣቸዋለች። የትንሹን ፋይል ጉንፋን ለይታ ሰው ያስደነቀች ጆሮ፣ ዘፋኞቹ ሁሉ ሲሮጡ አልሰማችም። ብዙነሽ ሐሳቧን አይታ ትከሻዋን አቀፈቻት። «አይክፋሽ። አንቺ ስንቱን ሰው ታስታውሻለሽ? እኔ የማስታውሰው አንድ ሰው ብቻ ነው» ብላ የበሰለ አቮካዶ በፌስታል ሞልታ ሰጠቻቸው።

ቤት እንደገቡ ጠሀ ላፕቶፑን ከፈተና የብዙነሽን ማስተር አወጣ። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ጥቂት ሰከንድ ጸጥታ አሳድጎ አጫወታት። ከሽሽታው ሥር እምምም የሚል ቀጭን ድምፅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጥሩወርቅ።

«መብራት ነው። የዚያች ክፍል የመብራት ገመድ ማይክራፎኑ ውስጥ የገባ ድምፅ። እኛ አገር መብራት በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እዚህ ካሴት ላይም ሃምሳ መሆን አለበት።» ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። «ይኸው፣ ሃምሳ ሁለት ተኩል። አምስት በመቶ ፈጥነናል።»

ሌሎች ስምንት ካሴቶች መረመረ፤ ሁሉም ያው ነው። ከዚያ ቴፑን ፈታ። ከሞተሩ ጎን፣ ፍጥነት የሚቆጣጠረው ትንሽ ብሎን ላይ፣ ፋብሪካው ያደረገው ቀይ ምልክት አለ። ብሎኑ ከምልክቱ ርቆ ዞሯል።

ጥሩወርቅ ብሎኑን ስታይ አፏን ያዘች። «አሥራት ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካቻቪቴ ይዞ እዚያ ውስጥ ሲጎረጉር አይቼዋለሁ። ቴፑ አንቀላፋ ይለኝ ነበር።»

«ልክ ነበሩ። ቺንጋው ላልቶ እየተንሸራተተ ስለሚያዘገየው፣ ሞተሩን አፍጥነው አካካሱት። እኔ አዲስ ቺንጋ ስተካ ማካካሻውን መመለስ ነበረብኝ፤ ሳልለካ ዘጋሁት። ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ።» ጠሀ አንገቱን ደፋ።

«የሁላችንም ነው» አለች። ወዲያው ግን ድምፅዋ ወረደ። «እንደገና ሁሉንም ልናጫውት ነው? ሦስቱ እኮ ሞተዋል ጠሀ። ዱቄት ናቸው።»

«የምን ማጫወት!» ከቡሹሎ ከተመለሱ ወዲህ የጠሀ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። «ማስተሩ አለን አይደል? ፍላኩን በዚያው ልክ እናዘገየዋለን፤ ፍጥነቱም ቅጥነቱም አብሮ ይመለሳል። ምንም አይቆረጥም። የሞቱት ሦስቱም ይስተካከላሉ። ከተስተካከለው ላይ አዲስ ኤምፒስሪ እናወጣለን። የድሮው ማስተርም እንዳለ ይቀመጣል።»

ሜሮን ወሬውን ሰምታ ከሰዓት በኋላ መጣች። ሁሉን ከሰማች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ኤምፒስሪ ብቻ ቢሆን ኖሮስ?»

«ይሠራ ነበር፤ አልዋሽሽም» አለ ጠሀ። «ግን ከተቆረጠው ላይ መልሰን መቁረጥ ነበር የሚሆነው። ያ በቴሌግራም የቆጠብሽው ዓይነት ቢሆን ደግሞ መብራቱንም ከሽሽታው ጋር አጥበሽ ጥለሽው፣ በምን እንደምንለካው አላውቅም።»

ሜሮን እናቷን አየቻት፤ እናቷ ጣሪያውን አየች። «እሺ» አለች ሜሮን እየሳቀች፣ «ቅርጫቱን እኔ እሰፋለሁ።»

ጠሀ ብሎኑን ወደ ምልክቱ መልሶ፣ መለኪያ ካሴት ከዩኒቨርሲቲው አምጥቶ አረጋገጠ። የፋይሎቹን ማስተካከል ኮምፒውተሩ በአንድ ቀን ጨረሰው። የብዙነሽ የመጀመሪያ ዘፈን በአሥራ ሁለት ሰከንድ ረዘመ። ጥሩወርቅ ስታዳምጠው ክራሩ ደረት አወጣ፣ ከበሮው ተረጋጋ። እንዴት ሳልሰማው ቀረሁ ብላ ራሷን መውቀሷን ግን አልተወችም። ለሦስት ቀን ያህል የሰማችውን ዘፈን ሁሉ፣ የታክሲውንም የሬዲዮውንም፣ «ይሄስ አልፈጠነም?» እያለች ሰው አስቸግራለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ቡሹሎ ሄዱ። በዚህ ጊዜ ብዙነሽ አልተቀመጠችም፤ በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች። ዘፈኑ ተጀመረ። አንድ ስንኝ አዳመጠች፤ ሁለተኛው ላይ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ሦስተኛው ላይ ከልጅቷ ጋር አብራ መዝፈን ጀመረች። ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ ነው፤ ግን ከታናሿ ጋር አልተጋጨም። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ጥሩወርቅ ዞረች።

«እቺ ናት» አለች። «አሁን አወቅኳት።»

ከዚያ ሬዲዮውን ይዛ ጎረቤቶቿን ልትጠራ ሄደች፤ ጥሩወርቅና ጠሀም እስከ ምሳ ድረስ ስምንቱን ዘፈን አራት ጊዜ ሰሙ።

አሁን ሥራው ቀጥሏል። የቀሩት ታትመው የወጡት ካሴቶች ናቸውና አያስቸኩሉም። የኋላ ክፍሉ ፋይሎች ግን አዲስ ጣጣ አመጡ፤ ጠሀ በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ማን ዘፈነ፣ ማን ክራር መታ፣ የት አገር ሰው ነው የሚለው ይጻፍ አለ። አሥራት በካሴቶቹ ጀርባ የጻፈው ግማሹ ለቋል። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ብዙነሽ ከቡሹሎ ትመጣለች። ያኔ ሱቁ ይመላለሱ የነበሩትን ዘፋኞችና መቺዎች አብዛኞቹን ታውቃቸዋለች፤ ግማሾቹ ዘመዶቿ ናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ የአንድ መቶ ሰባተኛው ካሴት ተራ ነበር። ማሲንቆው ገና አንዴ ሲገዘገዝ ብዙነሽ «ይርጋለም የነበረው ዩኑስ ነው» አለች።

«የምን ዩኑስ! ዩኑስ ግራኝ ነበር። ይሄ በቀኙ ነው የሚመታው» አለች ጥሩወርቅ።

«በጆሮሽ ግራና ቀኝ ትለያለሽ አሁን?»

«እለያለሁ።»

«ሲሮጡ ያልሰማሽ ሴትዮ?»

ጥሩወርቅ ሳቋ አመለጣት፤ ብዙነሽም ተከተለቻት። ጠሀ ጣቶቹን የላፕቶፑ ፊደሎች ላይ አድርጎ እስኪስማሙ ይጠብቃል። ሻዩ ቀዘቀዘ። ማሲንቆው ሁለተኛውን ዘፈን ጀመረ፤ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ለመከራከር ወንበራቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ።